የመጨረሻዋ መስመር

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ
አባቴ ከአገራችን ከጃናሞራ ስንቅ ይዞልኝ መጣ። በሶና ሽሮ፣ እንደ ሁልጊዜው። ደባርቅ ቤት ተከራይቼ ስማር አራት ዓመት ሙሉ በየአሥራ አምስት ቀኑ አላስታጎለም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴን ነገርኩት። አልፌያለሁ፤ ግን የሚያኮራ አይደለም።
«እንግዲያ እዚሁ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አርጊው» አለ።
እዚሁ! ከዚህች ጠባብ ክፍል ለመውጣት አልነበር እንዴ የለፋሁት?

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ
አብራኝ ከተከራየችው ከሕሊና ጋር ኮምፒውተር ቤት ሄደን የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሞላን። ባሕር ዳር... ሐዋሳ... ጅማ... ጎንደር። የቀሩትን መስመሮች ባዶ ተውኳቸው።
«ባዶ ከሆነ የፈለግሽውን ከመስጠት በቀር ምን ያደርጋሉ?» አለችኝ ሕሊና። እውነቷን መሰለኝ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ
መምህር ቴዎፍሎስ የሞላሁትን አይተው ጮኹብኝ።
«ባዶ መስመር ማለት የትም ወርውሩኝ ማለት ነው! በዚህ ውጤት የሚቀበልሽ፣ አባትሽንም ለመኪና ብድር የማያስገባ አንድ ቦታ ጠፋሽ?»
አልጠፋኝም። መጻፉ ነው ያቃጠለኝ። ምርጫው ቅዳሜ ይዘጋል። ኮምፒውተር ቤት ሄጄ ሁለት ሰዓት ተሰለፍኩ... ኔትወርክ የለም! ደሜ ፈልቶ ተመለስኩ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ
አባቴ ስንቁን ሳያወርድ ጀመርኩት።
«አባዬ፣ ደባርቅ ደባርቅ የምትለው ለምንድን ነው? የትም ብመደብ እዚያው ያበሉኛል! ወጪውን ሥራ ስይዝ እከፍላለሁ!»
ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ።
«ሁሉም ያበላሉ?»
«ሁሉም።»
«እኔስ ሐዋሳ ድረስ ስንቁን በምን አደርስላት ይሆን እያልኩ ነው እንጂ... እንግዲያ ሩቁንም ጻፊው።»
በራሴ አፈርኩ። ተነሥቼ ኮምፒውተር ቤት ሮጥኩ። ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ኔትወርኩ መጣ። ከሁሉም በታች ጻፍኩት። ደባርቅ። ጥርሴን ነክሼ።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ
ምደባ ወጣ። አራቱም አልሆኑም። የደረሰኝ የመጨረሻዋ መስመር።
ሕሊና ጭራሽ ያልጻፈችው ቦታ ተመደበች። የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ የመኪና መሳፈሪያ የሚሰጣት ዘመድ እየፈለገች ነው። አብረን አለቀስን። ለእሷ ይሁን ለራሴ... እንጃ።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ
ዶርም ከገባሁ ሳምንት ሆነኝ። ቁርስ ላይ ጥበቃው አስጠራኝ። አባቴ በር ላይ ቆሟል። በሶ ይዞ!
«ያበላሉ አላልኩህም?» ልለው ነበር። ተውኩት። ያልበላሁት ዳቦ እጄ ላይ ነበር፤ ለእሱ ሰጠሁት። አገላበጠው። ግማሹን ቆርሶ ቀስ እያለ በላ። የቀረውን በጋቢው ጫፍ ቋጠረ።
«ምነው አባዬ፣ አልጣፈጠህም?»
«ለእናትሽ ላሳያት ነው» አለ። «በባዶ አፌ ያበሏታል ብላት አታምነኝም።»