ላባ የምንላት ጥድ

ታኅሣሥ 3
የዕፅዋት ማሳያው ተቆጣጣሪ ከሆንኩ ሁለት ወር ሞላኝ። ዛሬ ቧንቧ አስጠገንኩ፣ ጓንት ከሚያመጣልን ሰውዬ ጋር ተጨቃጨቅኩ፣ ሻዬ ቀዘቀዘ። ከሰዓት የጥዶቹን ረድፍ ዞርኩ። ድሮ ጋሼ ነበሩ የሚዞሩት። ሠላሳ ምናምን ዓመት እዚህ የሠሩ አትክልተኛ ናቸው፤ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ከተኙ ሦስት ሳምንት።

ጥዶቹ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ናቸው አሉ። ማን ያምናል? አንዱ እንደ ምንጣፍ መሬት ላይ ተነጥፏል፣ አንዱ እንደ ሻማ ቀጥ ብሏል፣ አንዱን በጣት ሲያሹት ሎሚ ሎሚ ይላል። ሁሉም አረንጓዴ። በሩ አጠገብ ያለችው፣ ሠራተኞቹ "ላባ" የሚሏት፣ እሷ ብቻ ሙልጭ ብላ ረግፋለች። ጥድ ይረግፋል እንዴ? ደርቃለች ማለት ነው።

ታኅሣሥ 6
ሥራ አስኪያጁ ደወለ። ከአራት ቀን በኋላ እንግዶች ይመጣሉ። "በሩ ላይ ደረቅ እንጨት የሚገትረው ማነው? ሰው የለም እዚያ?"
ሰው የለም... እኔስ ምንድን ነኝ?

ለጥበቃው ነገርኩት። "ጋሼን ብንጠይቃቸውስ?" አለኝ።
"የታመመ ሰው በእንጨት ጉዳይ ይጨቀጨቃል?"
አዝኜላቸው ነው? ወይስ "ይህን እንኳ አታውቅም" እንዳልባል?

ለመጋዝ ሠራተኛው ደወልኩ።

ታኅሣሥ 8
ተቆረጠች።

መጋዙ ትንሽ እንደገባ ሰውየው አጠፋውና ዞር ብሎ አየኝ። "እህቴ፣ ይሄ እኮ እርጥብ ነው።" ቀረብ ብዬ አየሁ። ብናኙ ቀላ ያለ፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ። ሽታው... ገና አሁን የተላጠ ነገር ይሸታል። ሠራተኞቹ ቆመው ያዩኛል። ሥራ አስኪያጁ በመስኮት ያየኛል።
"ቀጥል" አልኩት።

ያኔ ማቆም ይቻል ነበር። አንድ ሩብ እንኳ አልገባም ነበር።

ታኅሣሥ 9
ጋሼ ሆስፒታል ሲገቡ የሰጡኝን ደብተር ዛሬ ገና ከፈትኩት። መሳቢያ ውስጥ፣ ከደረሰኝ በታች ነበር። ገጽ አራት፣ በእርሳስ፦
"ላባ። ጥድ ናት፣ ግን በብርድ ወራት ቅጠሏን ታራግፋለች። ሲሞቅ ታወጣለች። እንዳትደነግጪ።"

እንዳትደነግጪ። ለእኔ ብለው ነው የጻፉት።

ታኅሣሥ 10
እንግዶቹ መጥተው ሄዱ። በሩን ቀና ብሎ ያየ የለም።

ታኅሣሥ 12
ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ሆድ ውስጥ ግን ምን ይገባል?

ታኅሣሥ 15
ጋሼን ልጠይቅ ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ። ሳልቀመጥ፣ "ላባ ተቆረጠች አሉኝ" አሉ። ጥበቃው ደውሎላቸዋል።
"ደርቃ ነበር ጋሼ።"
ከአፌ አመለጠኝ። እንዲሁ፣ ሳላስበው። አሁን ሳስበው ግን... አስቤው ነበር።

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "እኔ ነኝ የገደልኳት። በክረምቱ የቧንቧ ቦይ ስቆፍር ወፍራም ሥሯን በጠስኩባት። ትችለዋለች ብዬ አፈር መለስኩበት። ለማንም አልተናገርኩም።"
ዐሥራ ሁለት ዘር ዘርተው አንዷ ብቻ እንደበቀለች ነገሩኝ። እሷን ነው ያሳደጉት።

አለቀሱ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው።
ብርቱካን ላጥኩላቸው። አይ እኔ! ብርቱካን ላጥኩላቸው።

ታኅሣሥ 22
ጥበቃው "ጋሼ ምግብ እምቢ ብለዋል" አለኝ። በላባ ሥር ተጸጽተው ነው አላለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ጥር 2
ጋሼ ቤታቸው ገብተዋል። ሄድኩ። ደብተሩን ይዤ። ከበራቸው ሁለት ጊዜ ተመለስኩ።
ሶፋው ላይ ነበሩ፣ እግራቸው ትራስ ላይ።

"ጋሼ፣ ላባ አልደረቀችም ነበር። ደህና ነበረች። ሥሯም ምንም አልሆነም ነበር። እኔ ነኝ ያስቆረጥኳት። ደብተርዎን አላነበብኩትም። ሰውየው እርጥብ ነው ሲለኝም ቀጥል አልኩት።"

አዩኝ።
"እና ያን ቀን ሳለቅስ አየሽኝ?"
"አየሁዎት።"
"ብርቱካን ትልጪ ነበር።"
"አዎ።"

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።
"ስትወጪ በሩን ግጥም አድርጊው" አሉ። "ብርድ ይገባል።"

ጥር 4
ለሥራ አስኪያጁ የሆነውን ሁሉ በጽሑፍ ሰጠሁት። አንብቦ "ይሄን ማን ጠየቀሽ?" አለ። "ዛፍ ነው፣ ሰው አልሞተ።" ከሰዓት ከተቆጣጣሪነት ወደ ችግኝ ቤት ወርጃለሁ። ሠራተኛው ሁሉ "ሞኝ" ብሎኛል። ይሁን። ትናንት እንቅልፍ ወሰደኝ።

የካቲት 11
ለጋሼ ደወልኩ። አያነሱም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

መጋቢት 24
ችግኝ ቤቱ ውስጥ አፈር ስነፋ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። ጋሼ። ከስተዋል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።
"ተነሺ፣ ደግፊኝ።"

ክንዴን ይዘው ወደ ጥዶቹ ሄድን። ጉቶው ጋ ቆሙ፣ አለፉ። ከዚያ አንድ በአንድ ይጠይቁኝ ጀመር።
"ይቺ?"
"ሳይፕረስ።"
"በምን አወቅሽ?"
"ፍሬዋ እንደ ኳስ ድብልብል ነው።"
"ይሄኛውስ?"
"ቱያ። ቅርንጫፉ በብረት የተተኮሰ ይመስላል፣ ጠፍጣፋ።"
ሳቅ አላሉም። ሦስት ወር ገደማ ደብተሩን ሳጠና እንደከረምኩ ገብቷቸዋል መሰለኝ።

ረድፉ መጨረሻ ላይ አንድ አጭር፣ ሰማያዊ የሚመስል አለ። ደብተሩ ላይ የለም።
"ይሄስ?"
አንድ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ልሞክረው? ቢሆንስ?
"አላውቅም ጋሼ።"

ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከል አደረጉ።
"ሳያውቁ እንዲህ ይባላል" አሉ። "ያን ቀንም እንዲህ ብትዪ ኖሮ..."
አልጨረሱትም። ክንዴን ጠበቅ አደረጉና የዛፉን ስም ነገሩኝ።