የግራ ጎማዬን ብሎን በገዛ እጃቸው ለሰበሩልኝ ክቡር አስተባባሪ

ለ«አንድም ብሎን አይላላ» የመንገድ ደህንነት ዘመቻ ክቡር አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክብርዎ የሚገባው ሰላምታ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ ክንድዎ እንዴት ሰነበተ? ባለፈው ሳምንት ከዳንግላ መውጫ ላይ ከአሮጌዋ ፒካፕ የግራ ጎማ ጋር የገጠሙት ትግል ቀላል ስላልነበረ፣ ወለምታ ነገር ተርፎዎት ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ከርሜያለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ማለትም ቁጭ ስል እነሳለሁ፣ ስነሳ በሩ ድረስ እሄዳለሁ፣ ታርጋ የሌላትን መኪናዬን አይቼ ተመልሼ ቁጭ እላለሁ።

ስምዎን በአደባባይ ማንሳት ነውር ሆኖብኝ ትቼዋለሁ። እኔን ካላስታወሱኝ ግን ድንችና የከብት መኖ በማመላለስ የምተዳደር የዳንግላ ሰው ነኝ። የዚያን ዕለት የጫንኩት ድንች አልነበረም። እናቴ ወይዘሮ ደጊቱ ዘንገና አካባቢ ካለው ቤቷ ደጃፍ ወድቃ እግሯ ከተሰበረ ወዲህ፣ ከጭኗ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጀሶ ታስራ እኔ ቤት ተቀምጣለች። እግሯ ስለማይታጠፍ ሚኒባሱም ባጃጁም አይችላትም፤ ስለዚህ ከኋላ ፍራሽ አንጥፌ፣ አስተኝቼ፣ ጀሶውን ወደሚፈታላት የአጥንት ሐኪም ወደ እንጅባራ ይዣት እየሄድኩ ነበር። ያኔ ነው እጅዎን አንስተው ያስቆሙን።

ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይቀላቀልብዎ በተራ በተራ ላቅርበው።

አንደኛ፣ ከወንበርዎ ተነስተው፣ ኮትዎን አውልቀው፣ የፍሬኑን ሸራ በዐይኔ ካላየሁ በማለት የጎማ መፍቻውን በገዛ እጅዎ ስለጨበጡ አመሰግናለሁ። እዚህ አገር አለቃ ሲያዝ እንጂ ሲሠራ አይተን አናውቅም ነበር፤ ለምን እንደማይሠራ አሁን ገብቶናል።

ሁለተኛ፣ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የዚህች አሮጌ መኪና የግራ ጎማ ብሎኖች ጥርሳቸው የተገላቢጦሽ መሆኑን፣ ሌላው ብሎን በሚጠብቅበት አቅጣጫ እነሱ እንደሚፈቱ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ ነግሬዎት ነበር። እርስዎም ብሎን ሁሉ ወደ ግራ እንደሚፈታ አስረዱኝ። እምቢ ሲልዎ ዝጓል አሉ፤ በመፍቻው እጀታ ላይ ቱቦ ሰክተው ቁልቁል ተጫኑት፤ እሱም አልበቃ ሲል ቱቦው ላይ በሁለት እግርዎ ቆሙበት። ሊፈቱት እየታገሉ ያጠብቁት እንደነበር እዚያ የቆመው ባለጋሪ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ማን ደፍሮ ይንገርዎ? ብሎኑ ቀጭ ብሎ ሲቆረጥ የጋሪው ፈረስ እንኳ ደንብሯል።

እዚህ ላይ የእናቴንም ድርሻ መካድ አልችልም። በጀርባዋ ተኝታ ከሰማይ በቀር የሚታያት ስላልነበረ፣ ሲያቃስቱ ብትሰማ ጎማችን ተንፍሶ የሚያግዘን መንገደኛ መስለዋት፣ «ተባረክ የኔ ልጅ፣ ክንድህን ያበርታው፣ የያዝከው ይቅናህ» እያለች ስትመርቅዎ ነበር። አማርኛው አልበቃ ሲላት በአዊኛ ቀጠለች። የእናቴ ምርቃት እንደሚደርስ ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ እንዲህ ፈጥኖ ሲደርስ ግን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሦስተኛ፣ ብሎን የጎደለው ተሽከርካሪ ሲያሽከረክር ተገኝቷል ብለው ከቀጡኝ በኋላ ታርጋዬን ስለፈቱ አመሰግናለሁ። የታርጋዋ ብሎኖች እንደ አገሩ ወደ ግራ የሚፈቱ ስለነበሩ ምንም ጉዳት አልደረሰባቸውም። መኪናዋን ሰው ገፍቶ ደጄ አደረሳት፤ እናቴ ግን በጋሪ ወደ ቤት ተመለሰች፤ ጀሶ የታሰረው እግሯ ከጋሪው ወጥቶ እንደ ሞፈር ተገትሮ፣ ባለጋሪው በየመታጠፊያው ሰው ዞር በሉ እያለ ሲጮህ፣ እሷ ደግሞ በሐፍረት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ።

አራተኛውን ምስጋና ለእርስዎ ማቅረብ አልችልም፣ የእንየው ነው። እንየው መካኒክ ነው፤ የፍሬኑን ታምቡር አውልቆ፣ ውስጥ የቀረውን የብሎኑን ጉማጅ በመዶሻ ወደ ኋላ መትቶ አስወጥቶ፣ ከአንዲት ቆማ ከቀረች የዘመን አቻዋ መኪና ላይ በስንት ፍለጋ ያገኘውን ብሎን ገጥሞላታል። መኪናዬ ዛሬ አንድም ብሎን አልጎደላትም። ይህንኑ በደስታ ባመለክት፣ ታርጋው የሚመለሰው መኪናዋ እንጅባራ ቀርባ ስትታይ ብቻ እንደሆነ፣ ያለ ታርጋ ደግሞ መንቀሳቀስም መጎተትም እንደማትችል ከቢሮዎ ተነገረኝ። ምናልባት ደቦ ጠርቼ በትከሻ እንዳስመጣት ታስቦ ከሆነ፣ የዳንግላ ሰው ደግ ነውና ቀኑን ያሳውቁኝ።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱ እዚህ ላይ ያልቅብኛል። የእናቴ ቀጠሮ አልፏል። ጀሶው ሥር ይበላታል፤ ስንደዶ እየሰደደች ታካለች፣ ስንደዶው ውስጥ ይሰበርባታል፣ ታለቅሳለች። እድሜዋን ሙሉ ሥራ ፈትታ ተቀምጣ የማታውቅ ሴት ግድግዳ እያየች ስትውል ማየት አልቻልኩም። ትናንት ማጭድ አምጣልኝ፣ ራሴ ልቅደደው ብላኛለች፤ ማጭዱን ደብቄዋለሁ፣ ግን ለአፍታ ወጣ ባልኩ ቁጥር ልቤ እዚያው ይቀራል። ሐኪሙ ራጅ ሳትነሳ እንዳይነካ ብሎ አስጠንቅቋል። ሐሙስ ይጠብቀናል፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ሥልጠና ይሄዳል። የሚያስተኛ ሌላ መኪና እንዳልይዝ፣ ያሉት ሁሉ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ናቸው።

ስለዚህ እስከ ረቡዕ ታርጋዬን እንዲልኩልኝ፣ ወይም ራስዎ ይዘውት መጥተው መኪናዋን እዚሁ እንዲያዩልኝ እለምናለሁ። ከመጡ ግን መፍቻውን እዚያው ይተዉት።

ብሎን በሚጠብቅበትም በሚፈታበትም አቅጣጫ ለክብርዎ እጅ የምነሳ፣ ታርጋ አልባው አገልጋይዎ፣

ይሄነው አድማሴ
ከዳንግላ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ብሎኑን ማን እንደሰበረው ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም። ስትጸልይ «ያን መንገድ ላይ ያገዘንን ልጅ» እያለች ታነሳዎታለች። ሰውን ያለ ስሙ ለእግዚአብሔር መስጠት ግን ደስ አላላትም፤ የክርስትና ስሙን ጠይቀህ አምጣልኝ እያለች ትወተውተኛለች። እባክዎ ከታርጋው ጋር የክርስትና ስምዎን ጽፈው ይላኩልኝ። ታርጋው ሳይመጣ ሐሙስ ካለፈ እውነቱን ልነግራት እገደዳለሁ፤ ያን ጊዜም ቢሆን ስሙ ያስፈልጋታል።