የማሽኖቹ ዝምታ ይስተካከልልን

ለተከበሩ የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ በተለይም ጆሮዎ፣ ደኅና ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኛ የአሮጌው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጎረቤቶች፣ ለእርስዎ ምስጋና ይግባና፣ በደንብ እየሰማን ነው።

ፋብሪካው ሊፈርስ ሲል ቅርስ ብለው ስላዳኑልን አስቀድሜ አመሰግናለሁ። ግድግዳው ተለስኗል፣ መስታወቱ ተወልውሏል፤ ያልተመለሰው የሠራተኞቹ ሳል ብቻ ነው። የቀሩኝን ጥቂት ቅሬታዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. በሽመናው ክፍል ያቆሟት የሴት አሻንጉሊት ጸጉሯን ጀርባዋ ላይ ለቃዋለች። ታምራለች። እናቴና እኅቷ እዚያው ሲሠሩ ግን ሻሽ ሳታስር የምትገባ ሴት አልነበረችም፤ ማሽኑን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ጸጉር ይወዳል ይባል ነበር። አክስቴ ሻሿ የላላባት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ቤት አልገባችም። የእርስዎ ቺንጋ ስለማይዞር አሻንጉሊቷ አትሰጋም፤ እንኳን ደስ አላት።

፪. ለጎብኚዎች ብለው ያስገቡት የማሽን ድምፅ እጅግ የተዋጣለት ነው። ቀኑን ሙሉ በድምፅ ማጉያ ይጮኻል፤ ቀረጻው ሲያልቅ ጥቂት ዝም ይልና እንደገና ይጀምራል። ባለሙያዎችዎ ማንንም ስላልጠየቁ አንድ ነገር ባያውቁ አልፈርድባቸውም። በዚያ ክፍል ማሽኖቹ በሥራ ሰዓት አንድ ላይ ዝም የሚሉት ሰው በቺንጋ ሲያዝ ብቻ ነበር። ያየችው የራሷን ታቆማለች፣ አጠገቧ ያለችው ታቆማለች፣ ዝምታው እየተቀባበለ እስከ መንደሩ ይደርሳል። ያኔ ሁሉም የያዘውን ጥሎ ወደ በሩ ይሮጣል፤ የማን ልጅ እንደሆነች እስኪታወቅ።

እናቴ አርጅታለች። ምሳ መብላቷን ትረሳለች፤ ይህን ግን አልረሳችም። ቀረጻዎ ባለቀ ቁጥር ብድግ ትላለች፣ ግራ ቀኝ ሳታይ መንገዱን ትሻገራለች፣ የፋብሪካውን በር ይዛ «ማናት? ማናት የተያዘችው?» ትላለች። ሾፌሮቹ እስካሁን ምሕረት አድርገውላታል። ቤት ብቆልፍባት «እኅቴ እዚያ ናት፣ ክፈትልኝ» እያለች በሩን ትደበድባለች።

፫. ይህንኑ ላስረዳ ቢሮዎ ስመጣ ጸሐፊዎ በፈገግታ ተቀብለው «ጎብኚዎች እኮ ዝምታዋን ይወዷታል፤ ስሜት አላት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ስሜቱ እኛም ዘንድ ደርሷል።

ስለዚህ የምለምነው ቀላል ነው፦ ወይ ድምፁን ያጥፉልን፣ ወይ ሳያቋርጥ ይጩኽልን። ለጩኸቱስ ግድ የለንም፤ እሱን እየሰማን እንቅልፍ የወሰደን ልጆች ነን።

ላለፈው ሁሉ ለሚያሳዩት እንክብካቤ እጅ እየነሣሁ፣ ያለፈው ገና ያላለፈላቸውንም አንድ ቀን እንደሚያስታውሱ ተስፋ በማድረግ፣

ከበሩ ማዶ የሚኖር ታማኝ ጎረቤትዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሳምንት ድምፅ ማጉያው ተበላሽቶ ዝም ሲል እናቴ እኅቷን እየጠራች በሩ ላይ ቆማ ዋለች። አመሻሹ ላይ ዘበኛዎ ጠጋ ብሎ «እማማ፣ ማንም አልተያዘም፤ ሁሉም ወጥተዋል። እኅትዎም ቅድም በዚህ አልፈዋል፤ ቤት ይግቡ» አላት። ገብታ ለእኅቷ አልጋ አነጠፈች፤ እስካሁን እንደተነጠፈ ነው። ለጎብኚ ከተፈቀደው ማብራሪያ ውጭ ተናግሯል ብለው እንዳይቀጡት አደራ፤ ከመሥሪያ ቤትዎ መልስ የሰጠን እሱ ብቻ ነው።