ታይቶ ያልተሰማ ፓወር ሰፕላይ

ለተከበሩ የንብረትና ቴክኖሎጂ አገልግሎት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ያ የሚሽከረከረው ወንበርዎም በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ለጆሮዎ ጤና አጥብቄ እጸልያለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል። እኔ የድምፅ መጻሕፍት ክፍል አንባቢ ነኝ፤ ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች የመማሪያ መጻሕፍትን ጮክ ብዬ እያነበብኩ በኮምፒውተር እቀዳለሁ። ስለዚሁ ጉዳይ ከዚህ ቀደም ሦስት ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ልኬልዎ ነበር። የታሸገ ነገር መክፈት እንደማይወዱ ዘግይቶ ስለገባኝ፣ ይህን አራተኛውን ራሴ ከፍቼ በዋናው በር አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ድካምዎን ለማቃለል ብዬ ነው እንጂ ሌላ ተንኮል የለበትም።

አስቀድሜ ላመስግን። ባለፈው ወር ኮምፒውተራችን እንዲሻሻል ባሳለፉት ውሳኔ መሠረት አዲስ ማዘርቦርድ፣ አዲስ ሜሞሪ፣ ደግሞም ሁለት ማራገቢያ ያለው ግዙፍ የምስል ካርድ ተገጥሞልናል። ክፍላችን ቀኑን ሙሉ ከድምፅ በቀር ሌላ ሥራ እንደሌለው፣ አድማጮቻችንም ስክሪን ተመልክተው እንደማያውቁ እያወቁ ይህን የመሰለ የምስል ካርድ ስለሰጡን ልባችን ተነክቷል። ካርዱ መጀመሪያ ለሌላ ክፍል ተገዝቶ፣ እዚያ አንፈልግም ተብሎ፣ መጋዘን ከሚያድር በሚል እኛ ዘንድ እንዳረፈ የሚያወሩ ሰዎች አሉ። እኔ አላመንኳቸውም። ካርቶኑ ግን ተከፍቶ እንደገና በፕላስተር የታሸገ መሆኑን ዓይኔ አይቶታል፤ ዓይኔን ምን ላድርገው?

አሁን ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ክፍልዎ ቁጥር የሌለው ነገር እንደማይቀበል ተነግሮኛል።

፩. ሁሉም ሲቀየር ፓወር ሰፕላዩ አልተቀየረም። ለማያውቁት የሰሌዳው አንባቢዎች ላስረዳ፤ ፓወር ሰፕላይ ማለት በኮምፒውተሩ ሳጥን ጀርባ ተቀምጦ፣ ከግድግዳው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለውስጥ ዕቃዎች እየመጠነ የሚያድል፣ ጡብ የሚያህል የብረት ዕቃ ነው። የእኛው አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ጎኑ ላይ ሦስት መቶ ዋት ይላል፤ የአዲሱ ካርድ ካርቶን ደግሞ ከአራት መቶ ሃምሳ ዋት ባነሰ አልሠራም ይላል። የተማርኩት ቋንቋ ስለሆነ ቁጥር ላይ አልመጻደቅም፤ ቢሆንም ሦስት መቶ ከአራት መቶ ሃምሳ እንደሚያንስ ሁለት ጊዜ አስልቼ አረጋግጫለሁ። ከአሮጌው ዕቃ የሚወጣው ገመድ ካርዱ ላይ አልገጥም ሲል ቴክኒሻኑ ከኪሱ መቀጠያ አውጥቶ አገናኛቸውና፣ «አይመከርም፤ ግን ታዝዣለሁ» አለኝ። ማን እንዳዘዘው ስጠይቀው ወደ ጣሪያው አየ። ከጣሪያችን በላይ ያለው የእርስዎ ቢሮ ነው።

፪. በወሩ ስብሰባ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ያልከዳን ዕቃ ዛሬ የሚከዳበት ምክንያት እንደማይታይዎ ተናግረው ብዙ ሰው አጨብጭቧል። እኔም ላለመለየት አጨብጭቤያለሁ። ሆኖም ነገሩ ስላልጣመኝ ስብሰባው እንዳለቀ ቴክኒሻኑን ደረጃ ላይ ይዤ ጠየቅኩት። እውነቱን ለመናገር ሰውየው ሚዛናዊ ነው። አሮጌ ሁሉ ይጣል አላለኝም፤ ደህና ሥሪት ከሆነ፣ የሚሸከመው ጭነትም ካልተጨመረበት ገና ዓመታት ሊያገለግል ይችላል አለኝ። አዲስ ሁሉም አይታመንም፤ ከውጭ አብለጭልጮ ውስጡ ባዶ ቆርቆሮ የሆነ ሞልቷል፤ እንዲህ ዓይነቱን ከመግጠም አሮጌውን ማቆየት ይሻላልም አለኝ። በዚህ ጊዜ ለእርስዎ አደላሁ፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተጸጽቼም ነበር። ከዚያ ጭነቱ ተጨምሮበት፣ ዕድሜው ገፍቶ፣ በላዩም ድምፅ ማሰማት ከጀመረስ ብዬ ስጠይቀው፣ «ያ እንኳ ሲሄድ ብቻውን አይሄድም፤ ዲስኩንም አስከትሎ ነው» ብሎ ደረጃውን በፍጥነት ወረደ። ከእኔ ጋር ቆሞ እንዳይታይ የፈራ መሰለኝ።

፫. ድምፅ ማሰማቱን ያወቅኩት እኔ አይደለሁም። የስልክ ኦፕሬተራችን ስትወለድ ጀምሮ ዓይኗ አያይም፤ ዲግሪዋን የምትማረውም እኛ በቀዳነው ድምፅ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ወደ ክፍሌ መጥታ፣ «እትዬ፣ አዲሱ መጽሐፍ ላይ ከኋላሽ የሚያፏጭ ሰው አለ፤ ገጽ ስትገልጪ ዝም ይልና ስታነቢ ይጀምራል» አለችኝ። ሳቅኩባት። የጆሮ ማዳመጫውን አድርጌ እስከ ጥግ ድረስ ከፍቼ ሳዳምጥ ግን እውነትም ቀጭን ፉጨት አለ፤ ከማይክሮፎኑ ኋላ፣ ከሳጥኑ ውስጥ የሚመጣ። ይህን በዝርዝር በማስታወሻ ጽፌ፣ ሳላሽግ በተላላኪ ላክሁልዎ። ወረቀቱ ሲመለስ በእጅ ጽሑፍዎ፣ ቅሬታ አቅራቢዋ ዕቃውን በዓይኗ አይታ ያረጋገጠች ስለመሆኑ ይገለጽ የሚል ሰፍሮበት አገኘሁ። ለኦፕሬተሯ አላነበብኩላትም። በሥራዬ ላይ ለአድማጭ ማንበብ ያቃተኝ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ያ ብቻ ነው።

፬. በክፍልዎ የመጠየቂያ ቅጽ ላይ ፓወር ሰፕላይ የሚል ቃል የለም፤ ያለው «የኃይል አቅርቦት» የሚል ነው። እሱን ሞላሁ። ቅጹ በቀጥታ ለኤሌክትሪክ ጥገና ሄዶ በማግስቱ ሁለት ሰዎች መሰላል ተሸክመው መጡ። አምፖሉን አበሩ፣ አጠፉ፣ መልሰው አበሩ፤ ሶኬቱን በመፈተሻ ነካ ነካ አደረጉና የኃይል አቅርቦቱ አለመቋረጡን ጽፈው በትሕትና ተሰናበቱን። እርስዎም ከግርጌው «ታይቷል» ብለው ፈረሙበት። ይኸው እስከ ዛሬ ስለ ፓወር ሰፕላያችን በመዝገብ ያለው የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። የታየው አምፖሉ መሆኑን የምናውቀው እኔና መሰላሉን የያዙት ሰዎች ብቻ ነን።

፭ን ዘልዬዋለሁ፤ እሱ ስለ ሽታው ነበር። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታን በጽሑፍ ማስረዳት አልቻልኩበትም፤ ናሙናም በፖስታ አይላክም።

፮. ይህን ያለ ፌዝ ነው የምጽፈው። ከእኔ በፊት በዚያ ወንበር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ያነበቡትን ጋሼን ያውቋቸዋል። አምና ጉሮሯቸውን ታክመው ሕይወታቸው ተረፈ፤ ድምፃቸው ግን አልተረፈም። አሁን የሚያናግሩን በትንሽ ማስታወሻ ደብተር ላይ እየጻፉ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ይመጡና ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ያዳምጣሉ። ሎጋሪዝምን ሲያስረዱ መሃል ላይ ያስላቸውና «ይቅርታ ልጆቼ» የሚሉበት ቦታ አለ፤ ተማሪዎቹ ያን ሳል እንዳንቆርጠው ለምነውን ትተነዋል። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰዓት የሚሆን የጋሼ ንባብ ያለው በዚሁ ኮምፒውተር ዲስክ ላይ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ቀድሞ በሲዲ ተቀድቶ የነበረው እርስዎ በሚያስተዳድሩት መጋዘን ውሃ ገብቶበት ተበላሽቷል።

ለምን አልገለበጥሽውም ይሉኝ ይሆናል። ከቤቴ ዲስክ አምጥቼ ጀምሬ ነበር። ማሽኑ መገልበጥ ሲጀምር ፉጨቱ ይበረታል፤ ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ድርግም ይላል። አንድ ስድስተኛው ያህል ወጥቶልኛል፤ የቀረው እዚያው ነው። ባለፈው ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠፋ ጋሼ አጠገቤ ነበሩ። ማዳመጫውን ቀስ ብለው አወለቁና ደብተራቸው ላይ፣ «የእኔስ ሐኪም ቢያንስ ቀድሞ ነግሮኛል» ብለው ጽፈው አሳዩኝ። ክቡርነትዎ፣ ፈርቻለሁ።

ስለሆነም እርስዎ ያልወሰኑትን እኔ ወስኛለሁ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ገመዱን ከግድግዳው ነቅያለሁ፤ ገመዱም በቦርሳዬ ውስጥ አብሮኝ ይወጣል ይገባል። አምስት መቶ ሃምሳ ዋት የሚሸከም፣ ሲያነሱት የሚከብድ፣ ዋስትና ያለው ፓወር ሰፕላይ እስኪገጠምና የጋሼ ድምፅ እስከ መጨረሻው ሳል ድረስ እስኪገለበጥ ማንም እንዲያበራው አልፈቅድም። ያን ትልቅ የምስል ካርድም ቴክኒሻኑ ነቅሎ ለሚያይ ሰው ቢሰጥልኝ ቅር አይለኝም። እምቢተኛ ሊሉኝ ይችላሉ፤ ጠርጣራም ይሉኛል። ሁለቱንም አልክድም።

ፈተናው አምስት ሳምንት ስለቀረው ግን ተማሪዎቹ ያለ ንባብ አይቀሩም። ከሰኞ ጀምሮ ሥራ በተጀመረ በደቂቃው፣ ሃያ ሦስት ተማሪዎችን ይዤ በቀጥታ በአፌ አነባለሁ። ለዚህ የሚበቃ ሰፊና አግዳሚ ወንበር ያለው ኮሪደር በሕንፃው ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእርስዎ ቢሮ ፊት ለፊት ያለው። የምንጀምረው በፊዚክስ ሁለተኛ መጽሐፍ ነው። ማይክሮፎን ስለሌለኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንደማነብ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ያልገባቸው ካለ ደግሜ አነባለሁ፤ ፊዚክስ ደግሞ ቶሎ የሚገባ ትምህርት አይደለም።

ለሰጡን ትኩረት፣ ለላኩልን መሰላል፣ ላደረጉልን የምስል ካርድ፣ ከሁሉም በላይ ትዕግሥታችንን ለመፈተን ለከፈሉት ያልተቆጠበ ጥረት ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ሥልጣንዎ ከፍ እንዲልና ከእኛ ጣሪያ በላይ ሳይሆን ሌላ ሕንፃ ላይ እንዲሆን በመመኘት፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የድምፅ መጻሕፍት ክፍል አንባቢ
(ፊርማ አለው)

ግልባጭ፦
ለኤሌክትሪክ ጥገና ክፍል (ወደ እናንተ መመራቱ ስለማይቀር፤ መሰላሉን ግን አታምጡት)

ሳልዘነጋው፦ ኦፕሬተሯ ዓርብ ዕለት የኮሪደሩን እርምጃ ለተማሪዎቹ ልትለካልኝ ወጥታ በርዎ ጋ ትንሽ ቆማ ነበር። ስትመለስ፣ «እትዬ፣ የእሳቸው ኮምፒውተር አዲስ ፓወር ሰፕላይ ገብቶለታል፤ ማራገቢያው ገና አቧራ አልቀመሰም፤ ፉጨት የሚባል የለውም» አለችኝ። እኔም ለክብርዎ ስል ሰው አትጠርጥሪ ብዬ ተቆጣኋት። ከዚያ የካርዱን የርክክብ ወረቀት አውጥቼ ሳየው «ፓወር ሰፕላይ፣ ብዛት 1» የሚለው መስመር በእስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተሰርዟል። እኔ እጠረጥራለሁ እንጂ አላውቅም፤ እሷ ግን አትጠረጥርም፤ ትሰማለች።