ሸራሽ አልተቀደደም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ከስፌት መኪናው ላይ ስትነሺ ወገብሽን የሚይዝሽ ሕመም አሁንም ያስቸግርሻል? ባልሽስ፣ ትንሿስ እንዴት ናቸው? ከናፍቆት በቀር ደህና ነን ብሎ መጻፍ ደንብ ነበር፤ ዘንድሮ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ጉልበቴ ተሽሎኛል፣ የአባትሽም ሳል ቀንሷል። ሌላውን ታውቂዋለሽ።

ይቺን ደብዳቤ እየጀመርኩ እየተውኩ ነው የጨረስኳት። ነገሩ በስልክ የሚነገር ስላልሆነ ነው። ባለፈው ስትደውዪ፣ "እማዬ፣ ሸራው ተቀዶ ነበር እንዴ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ደግሞ አባትሽ የወንድምሽን ጀልባ ሊሸጥ መሆኑን ሰምተሽ መስሎኝ፣ "ምንም አልሆነም፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል" አልኩሽ። ወሬውን ወደ ሌላ አዞርሽው። ምን እንደጠየቅሽኝ የገባኝ ገና በዚህ ሳምንት ነው።

ከሥሩ ልንገርሽ። ወንድምሽ ከሞተ ወዲህ ጀልባዋ ከውኃ ወጥታ ግቢያችን ውስጥ፣ ከኩሽናው መስኮት ፊት፣ በግንድ ተደግፋ ቆማለች። ምሰሶዋ ወርዶ ከአጥሩ ሥር ተጋድሟል። ብትጠብም ሁለት መኝታና አንዲት ምድጃ አላት፣ ሰው ሳምንት ይኖርባታል። ሰፈሩ ወንድምሽን "ዳክዬ" ያለው በከንቱ አልነበረም። እሱ የበሰበሰ ጣውላዋን አንድ በአንድ ሲለውጥ፣ አንቺ ሸራዋን ስትሰፊ፣ እኔ ሁለታችሁንም ውኃ የማያነሳ ሥራ ይዛችኋል እያልኩ ስሳደብ ነበር የከረምነው።

ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የለመነኝ አንድ ነገር ነው። "እማዬ፣ ከውኃ የወጣ እንጨት ይደርቅና ጣውላው ይከፋፈታል፤ አደራ፣ አርጥቢያት" አለኝ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ልብስ ያለቀለቅኩበትን ውኃ እደፋባታለሁ። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው በአጥር አሻግሮ እያየ፣ "እትዬ፣ መቼ ነው የምታፈራው?" ይለኛል። ያንተ ምላስ ሲደርቅ እለዋለሁ።

አባትሽ አንድ ቀን ተነስቶ "ባለ ሸራ ጀልባ ለሽያጭ" ብሎ ካርቶን ላይ ጽፎ በሩ ላይ ሰቀለ። ዓይኔ እያያት አልችልም አለ። አልተከራከርኩም፤ የሱን ሐዘን እኔ በምን ሚዛን ልለካው?

ገዢ መጣ፣ ሌላም መጣ። ይነካኳታል፣ ደስ ትላቸዋለች፤ ከዚያ አባትሽ ወደ ኋላዋ ወስዶ ያናግራቸውና ፊታቸው ጠቁሮ ይወጣሉ። ምክንያቱን የነገረኝ ወንድምሽን ይረዳው የነበረው አናጢ ነው። "እማማ፣ የሚያባርሯቸው እሳቸው ናቸው። ሸራዋ በማዕበል ተቀዶ ልጄን የበላች ናት ይሏቸዋል። አሁን ከተማው ሁሉ ይህንኑ ነው የሚያወራው" አለኝ።

ጥያቄሽ ያን ጊዜ ገባኝ። ወሬ እግር አለው፣ አንቺም ዘንድ ደርሷል። ለሩቅ ሰው መርዶ እየተለዘበ እንደሚነገር ስለምታውቂ፣ በሽታ ነው ያልንሽ የሰፋሽውን ሸራ ጥፋት ልንሸሽግሽ መስሎሽ ኖሯል።

አባትሽን ጠየቅኩት። የጫማውን ክር ሲፈታ ሲያስር ቆየ። ኋላ፣ "ታዲያ ምን ልበላቸው? በሽታ ነው ካልኳቸው እኮ ይገዟታል" አለኝ። ለምን ጽፈህ ሰቀልክ ስለው፣ እጄ ጻፈ፣ አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ አለ።

ማክሰኞ ዕለት አንድ ጡረታ የወጣ የመርከብ ምግብ አብሳይ መጣ። አባትሽ እኔ አጠገቡ ቆሜ እያለሁ ያንኑ ታሪክ ጀመረለት። ሽማግሌው ግን አልደነገጠም። "ጀልባ ሰው አትበላም። ሸራ ከተቀደደ ወይ ሰፊው ሰነፍ ነው፣ ወይ ነጂው ችኩል ነው" አለ። ይሄኔ አባትሽ ገነፈለ። የኔ ልጅ ችኩል አልነበረም፣ እህቱ የሰፋችውንም ንፋስ አይቀደውም ብሎ ጮኸ። እውነቱን ሁሉ እዚያው ግቢው መሃል አወጣው፤ ኩላሊቱ እንደነበር፣ አልጋ ላይ እንደሞተ። ጫማ ሰፊው እንኳ መዶሻውን አቁሞ ሰማ። ሽማግሌው ኮፍያውን አወለቀ። ቆይቶ ጣውላዋን በመዳፉ እየዳበሰ፣ ማነው የሚያረጥባት፣ አንድም ቦታ አልተከፈተችም አለ። አባትሽ በአገጩ ወደኔ አመለከተው።

አሁን ሊገዛት ይፈልጋል፤ በሚመጣው ወር ይመለሳል። ሸራው የልጄ ስለሆነ ያለ እሷ ቃል አይሆንም ብዬዋለሁ። እኔ ራሴ ምን እንደምፈልግ አላውቅም። ጀልባዋ ስትሄድ መስኮቱ ይበራል፤ በርቶ ምን ሊያሳየኝ እንደሆነ ግን እንጃ።

አንድ ነገር ብቻ ከኔ ስሚ፣ እዚያ የነበርኩት እኔ ነኝና። ወንድምሽ የሞተው ራሱን ክንዴ ላይ አድርጎ፣ ንጹሕ አንሶላ ላይ ነው። እንኳን ማዕበል ሊደርስበት፣ በመጨረሻው ቀን ሐኪሙ የሚጠጣ ውኃ ከልክሎት ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ነበር የማረጥበው። ትናንት ሸራሽን አውርጄ አልጋው ላይ ዘረጋሁት። መነጽሬን አድርጌ ስፌቱን በጣቴ እስከ ዳር ተከተልኩት። አንድ ክር አልተበጠሰም።

ዛሬ ባልዲዬን ይዤ ስወጣ አባትሽ ቀድሞኛል። ወንበር ላይ ቆሞ እኔ የማልደርስበትን የላይኛውን ጣውላ ያጠጣል። ካርቶኑ አሁንም በሩ ላይ ነው። ማናችንም አላነሳነውም።

ባልሽን አንቺን ስለሚጠብቅልኝ አመስግኚልኝ። አብራችሁ ለምትኖረው አማትሽ የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሺ። ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ስለ አጎቷ ከጠየቀችሽ፣ ታሞ ነው በያት። አባትሽ ይስምሻል። ጫማ ሰፊውም ጀልባዋ ገና አላፈራችም ብለሽ ጻፊላት ብሎኛል። ስለ ሸራው የወደድሽውን ወስኚ፤ እኔ የምጠብቀው መልስ የሱ አይደለም። ልብሽ ማመኑን ጻፊልኝ።

እናትሽ
ከኩሽናው መስኮት ሥር፣ ቅዳሜ ጠዋት