የየሺ ጉንጭና የእኔ ክንድ

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፪
ዛሬም ልጄ የሺ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ነው ቤተ ክርስቲያን የመጣችው። ጉንጯ ላይ ያለው ቁስል በክረምቱ ሽምብራ አያክልም ነበር፤ አሁን ሰፍቶ ቅርፊት ይዟል፣ አፍንጫዋን ሊነካ ነው። አያመኝም ትላለች። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው አለማመሙ ነው። ጠበል ተጠምቃለች፤ የማውቀውን ቅጠል ሁሉ ቀጥቅጬ ለጥፌበታለሁ።

ከቅዳሴ በኋላ ግራዝማች ውቤ ለብቻዬ ጠሩኝ። ለጥር የሺን የሚያገባት ልጃቸው ደሳለኝ ነው።

«የኔታ፣ አይቀየሙኝ። ሰው ያወራል። የልጅቱ ፊት ቁምጥና ከሆነ ዘሬን አላስነካም» አሉኝ።

እጅ ነሥቼ ወደ ድጓ ተማሪዎቼ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፫
ባለቤቴ ጥሩወርቅ ወሬ ይዛ መጣች። ከደብረ ታቦር የቆዳ በሽታ የሚያይ ሐኪም በወር አንድ ጊዜ አርብ ገበያ ከተማ ይመጣል አሉ፤ የዚህ ወር ተራው የፊታችን አርብ ነው። ደስ አለኝ። የሺ ግን አልሄድም አለች።

«ነው ካለኝስ? አሁን እኮ ገና አልተባልኩም።»

እኔም በልቤ የማስበው ይህንኑ ነበር። እናቷ ግን «ቢልሽም እናትሽ ነኝ። ተነሽ ልብስሽን እጠቢ» አለቻት። ተነሣች።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፬
የጎረቤት በቅሎ ተውሰን ጎህ ሲቀድ ወጣን። ጥሩወርቅ ለአጨዳው ቀረች። ገብሱ በየማሳው ደርሷል። ሰው በሌለበት ቁልቁለት ላይ የሺ ነጠላዋን አውርዳ ፊቷን ለንፋስ ሰጠች። መንደር ስንቃረብ መልሳ ተከናነበች። ማደሪያችን ዘመድ ቤት ነው። እግሬ ዝሏል።

አርብ፣ ኅዳር ፲፭
ከየት ልጀምር።

ሐኪሙ ከገበያው ዳር፣ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ነው የሚሠራው። ወጣት ነው። ሕዝቡ ብዙ፤ ሁሉም እንደኛ ተከናንቧል። ተራችን ሲደርስ የሺን ዓይንሽን ጨፍኚ አላት። በጥጥ ጫፍ የቁስሉን ዙሪያ ነካ። «እዚህ ጋ» አለች። በመርፌ ጫፍ ነካ። «እዚህ፣ ወጋኝ!» አለች። የክርኗን ጅማት ዳበሰ፣ ከቁስሉ ጥቂት ፍቆ በማጉያ መሣሪያ አየ።

«ቁምጥና አይደለም። ቁንጭር ነው፤ ትንሽ ዝንብ ነክሳ የምታመጣው የቆዳ ቁስል። ሲድን ጠባሳ ይተዋል እንጂ ሌላ ምንም የለውም። መርፌውን ጎንደር ልኬ አስመጣለሁ፤ በሚቀጥለው ወር ትጀምራለች» አለ።

የሺ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔ «ክብር ምስጋና ለእርሱ» እያልኩ ስነሣ ሐኪሙ ያዘኝ።

«አባት፣ ከአንድ ቤት የመጣ ሁሉ ይታያል።»

እጅጌዬን ሰብስቤ ሰጠሁት። ክንዴ ላይ ነጣ ያለ ነገር አለ፤ ቋቁቻ ነው ብዬ የተውኩት። ዓይኔን አስጨፈነኝ። ጠበቅሁ። «መቼ ነው የሚነኩኝ?» አልኩት።

«ነክቼዎታለሁ» አለኝ።

ዓይኔን ስገልጥ መርፌው ክንዴ ላይ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፮
እየተመለስን ነው፤ በቅሎዋን ስናሳርፍ እጽፋለሁ። ኪኒን ሰጥቶኛል። ለዓመታት ይዋጣል፣ አይቋረጥም። ሐኪሙ ያለኝ፦ ቁምጥናው ገና ጅምር ነው፤ ጣትዎ አይቆረጥም፤ ዘር አይደለም፤ ከሰው ጋር ይብሉ፣ ያስተምሩ። እሳት ብቻ ይጠንቀቁ፤ ቢያቃጥልዎ አይሰማዎትም።

የሺ «አባየ፣ ለማንም አይንገሩ። የኔ ቁንጭር ነው ይበሉና ይብቃ» አለችኝ። ለሰርጓ ብላ አይደለም፤ ለኔ ፈርታ ነው። መንገዱን ሁሉ አሰብኩበት። ቢደበቅ ይደበቃል። ግን በየወሩ አርብ ገበያ ስመላለስ ሰው ማየቱ አይቀርም፤ ያኔ የሷም ቁምጥና ነበር ይባላል፤ ውሸታም የምትባለው እሷ ናት።

እሑድ፣ ኅዳር ፲፯
ጥሩወርቅ ነገሩን ስትሰማ ክንዴን ይዛ ብዙ ዳበሰችው። «እኔን ይሰማዎታል?» አለች። «እዚያ ላይ አይሰማኝም» አልኳት። አላለቀሰችም፤ እንጀራ አቀረበች፣ አብረን በላን።

ግራዝማች ቤት ሄድኩ። ሁለቱንም ነገርኳቸው፤ የልጄንም የራሴንም።

«ዘር አይደለም?»

«አይደለም ብሏል።»

«እርስዎስ ያምኑታል?»

«ማመን ጀምሬያለሁ» አልኩ።

ጠላ ቀድተውልኝ ነበር። ዋንጫውን ስመልስ የሚያስቀምጡበት ጠፋቸው፤ አየሁ። ደሳለኝን ልጠይቀው አሉ። ተሰናብቼ ወጣሁ። አልፈረድኩባቸውም። እኔም ባለፈው ሳምንት ብሆን እንደዚያው ነበርኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር ፲፰
ጠዋት ማሳችን ላይ ስደርስ ደሳለኝ ማጭዱን ይዞ ቀድሞኝ ከዳር ጀምሯል። ጎን ለጎን አጨድን። የፆሙ መፍቻ ሰዓት ሲደርስ ጥሩወርቅና የሺ ሽሮ ይዘው መጡ። የሺ ተከናንባ ነበር። ደሳለኝ እጁን ታጠበና ከእኔ ፊት ካለው እንጀራ ቆረሰ።

«አባቴ ገና እያሰቡ ነው፣ የኔታ» አለኝ። «እኔ ግን ጨርሻለሁ። በሚቀጥለው ወር ለመርፌው እኔ አደርሳታለሁ፤ እርስዎም ለኪኒንዎ አብረውን ይመጣሉ።»

የሺ ውኃ ልትቀዳለት ስታጎነብስ ነጠላዋ ወረደ፤ አላነሣችውም።

ግራዝማች ምን እንደሚሉ አላውቅም። ኪኒኔን ውጫለሁ። ገብሱ ግማሹ ታጭዷል።