ገና ሁለት ቀን አለን

መስከረም 3
ለዓሣ ገበያው ጣሪያ ሸራ ስሰፋ ዋልኩ። በእጅ አይገፋም፤ አውራ ጣቴ አብጧል። አማቼ ምሳውን ሊበላ ሲመጣ፣ "እማማ፣ ሌላ የስፌት መኪና ልግዛልዎት?" አለኝ።
"በእጅ ይሻለኛል" አልኩት።
ውሸት...

መስከረም 9
የልጅ ልጄ፣ ያቺ ፌንጣ፣ ግቢ ውስጥ ገመድ ስትዘል ሰማኋት።
"አንድ ቀን ማዕበል፣ ሁለት ቀን ደመና፣
ሦስተኛው ነፋስ ነው፣ ያኔ ዳገት ና!"
"ማን አስተማረሽ?" አለቻት ጓደኛዋ።
"እናቴ።"
እናቷንስ ማን አስተማራት? እኔው። እኔን ደግሞ እናቴ። ስንት አውሎ ነፋስ በዚህ ቆጠራ አሳለፍን...

መስከረም 10
ዛሬ አልሰፋሁም።

መስከረም 16
የአየር ትንበያ ቢሮው ሰው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰበሰበን። "እናቶቼ፣ ባሕሩ ሞቋል" አለ። አውሎ ነፋስ ጉልበት የሚያገኘው ከሞቀ ውሃ ነው። ማታ ደካማ የነበረው ጠዋት ብርቱ ሆኖ ይደርሳል፤ ሁልጊዜ ባይሆንም እየበዛ ነው። ዝናቡም ከድሮው ይከብዳል።
ዓሣ ሻጯ ጎረቤቴ፣ "ታዲያ ባሕሩን ማን ጣደው?" ብላ አሳቀችን።
እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አፈርኩ።
አምና ልጄ ምን አለችኝ?
"እማዬ፣ ራዲዮው ዛሬውኑ ውጡ እያለ ነው።"
"ራዲዮ መቼ ባሕር አይቶ ያውቃል? ገና ሁለት ቀን አለን። ይልቅ ነገ ማለዳ መስፊያ ቤት ወርደሽ የስፌት መኪናዬን አምጪልኝ።"
ሳቀች። ማለዳ ወረደች። ውሃው እዚያው ደርሶ ወሰዳት።
ባሕሩን የጣደው ብዙ ሰው ይሆናል። እሷን የላክሁ ግን እኔ ነኝ። ባሏ በራሷ ፈቃድ የወረደች ይመስለዋል። ማን ነገረው? እኔ...

መስከረም 27
ለአማቼ ነገርኩት። የታክሲውን መስተዋት እየወለወለ ነበር።
"እንውጣ ብላ ነበር?"
"አዎ።"
"እርስዎ ነዎት የላኳት?"
"እኔ ነኝ፣ ልጄ።"
ጨርቁን አስቀመጠ። ሄደ።

ጥቅምት 1
አላናገረኝም። ምን ብሎ ያናግረኝ?

ጥቅምት 6
"ጫማዎ ተቀዷል" አለኝ።

ጥቅምት 11
ይህን የምጽፈው ዳገቱ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው።
ጠዋት ማዕበሉ ከፍ ከፍ ማለት ጀመረ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ራዲዮው ውጡ አለ። ተነሣሁ።
ፌንጣ ገመዷን እንደያዘች፣ "አያቴ፣ ገና እኮ አንድ ቀን ነው!" አለችኝ።
"ቆጠራው አርጅቷል፣ የኔ እናት። እኔም ተሳስቻለሁ።"
"ታዲያ እንዴት እንዝለል?"
"እስከ አንድ ብቻ ቁጠሪ።"
አማቼ የታክሲውን በር ከፍቶ ቆሞ ነበር። ቦርሳዬን ተቀበለኝ። ፊቴን ግን አላየም።
አሁንም ነፋስ የለም። ሸራው መስፊያ ቤት ተዘርግቶ ቀርቷል፤ ሊያልቅ አንድ ጠርዝ ነበር የቀረው።
ለማምጣት ማንንም አልላክሁም።